የኔታ በአራተኛው ሸክላ ጀመሩ

እሌኒ ከአዳማ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቀለም ቤተ ሙከራ ተቀጥራ ነው። ሥራዋ አንዱን ሰማያዊ ከሌላው ሰማያዊ መለየት ሲሆን፣ ሌላው ሰው «ያው ሰማያዊ ነው» ብሎ የሚያልፈውን ቁራጭ ጨርቅ እሷ መብራት ሥር ዘርግታ ግማሽ ሰዓት ታፈጥበታለች። ሞዳል ጃዝ የሚባለውን ሙዚቃ የወደደችውም በዚሁ ጠባይዋ ሳይሆን አይቀርም፤ ሙዚቀኞቹ ከኮርድ ወደ ኮርድ፣ ከአንድ የድምፅ ጥምር ወደ ሌላው፣ መሯሯጡን ትተው በአንድ ቅኝት ላይ ይሰፍሩና ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ያንኑ ያገላብጡታል።

የሙዚቃ ፍቅሯ ግን ቤት አላጸናላትም። ዘንዘልማ ሁለት ጊዜ ተከራይታ፣ ሁለት ጊዜም «ልጄ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ» ተብላለች። አሁን በሹም አቦ ሰፈር፣ በመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ግቢ ትኖራለች። ቅዳሜ ከሰዓት የሥራ ባልደረቦቿን ሰብስባ ሸክላ ታሰማቸዋለች፤ ለጀማሪ የሚሆኑትንም ሰባት ሸክላዎች መርጣ፣ እንደ መድኃኒት አወሳሰድ በተራ በደብተር ጽፋቸዋለች። አንደኛው «ለማንም ይስማማል፤ ትራምፔቱ አፉ ታፍኖ ነው የሚነፋው» ይላል።

ዐቢይ ጾም ሰኞ ሊገባ፣ ባልደረቦቿ ባልመጡበት ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ አርባ ዓመት ድጓ ያስተማሩት መሪጌታ፣ ሁሉም የኔታ የሚላቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ደጃፏ ላይ ቆሙ።

«ጾሙ ሳይገባ የዚህን ቤት ነገር ልቍረጠው ብዬ መጣሁ» አሉ። «ዘፈን ከሆነ ትወጫለሽ። ካልሆነ እኔው ሰምቼ ልፍረድ። አንድ ብቻ አሰሚኝ፤ ሁለተኛ አልሰማም።»

እሌኒ ወደ ሸክላዎቿ ዞረች። አንደኛው ለስላሳ ነው፤ ግን የሆቴል ሳሎን ይሸታል። ሁለተኛው ፒያኖ ይበዛበታል። ሦስተኛውን ሰምተው እግራቸው እንኳ ባያረግድ፣ እንደሚያረግድ ጠርጥረው ሊቈጡ ይችላሉ። ሦስተኛ ቤቷን መልቀቅ አለመልቀቋ በጣቷ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ የኔታ ገብተው ደብተሯን ከጠረጴዛው አንሥተው መነጽራቸውን አድርገዋል።

«'አራተኛ። ከዜማ ጋር ይቀራረባል።' ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነው፣ የኔታ።»

«ከየትኛው ዜማ? ከያሬድ ዜማ?»

ድጓ ሲያርም ለኖረ ሰው «አዎ» ማለት፣ ዳኛን ችሎት ላይ ሕግ እንደ ማስተማር ነው።

«በይ እንግዲያ አራተኛውን አጫውቺ።»

«አራተኛው ለጀማሪ ትንሽ ይከብዳል፣ የኔታ።» ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

«ለማን?»

ከግቢው የወይዘሮ ሸጊቱ፣ የባለቤታቸው፣ ሳቅ ተሰማ። «ኧረ ጉድ! ስልሳ ዓመት ተምረው ጀማሪ ተባሉ!»

እሌኒ መርፌውን አሳረፈች። ቤዙ በሁለት ድምፅ መመላለስ ጀመረ፤ ሳክስፎኑም ከሥሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አራት ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ መቋሚያቸው ወለሉን አንድ ጊዜ መታ። ተማሪ ሲሳሳት እንዲህ እንደሚመቱ እሌኒ በየማለዳው ከግቢው ትሰማለች።

«መልሺው» አሉ።

መለሰችው።

«እዚህች ላይ ርክርክ አለች» አሉ፤ ድምፅ ተንከባሎ የሚወርድበትን የዜማ ምልክት ማለታቸው ነው። «ያላሰብሁት ነው።» ፊታቸው ግን አልተፈታም። ሳክስፎኑ እየወጣ እየወጣ ሄዶ መጮኽ ሲጀምር ግንባራቸው ተቋጠረ፤ እጃቸውም «በቃ» ሊል ተነሣ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ። ጩኸቱ እየተጎተተ፣ እየወፈረ ወርዶ ቆመ።

አለቀልኝ አለች እሌኒ በሆዷ።

«መጨረሻው የታለ?» አሉ የኔታ።

«መብራት ሄደ እኮ።»

«እሱንማ አየሁ። ስለ ነፊው ሰውዬ ነው የምጠይቅሽ። እዚያ ላይ ሰቅለሽው ቀረሽ። ይወርዳል?»

«ይወርዳል፣ የኔታ። ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል።»

«እጠብቃለሁ።»

ጠበቁ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ መብራቱ ሳይመጣ፣ የኔታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ተነሡ።

«ዜማ አይደለም፤ ጽሕፈትሽን ሰርዢ» አሉ። «ዘፈን ነው እንዳልልም፣ ሰውየው ሴት አያሽኮረምምም፤ ሌላ ነገር ነው የሚለምነው። ሃምሳ አምስቱን ቀን ዝጊው። ትንሣኤ ሲያልፍ ሰውየውን ታወርጂልኛለሽ።»

እሌኒ እፎይ ብላ ሳትጨርስ ወይዘሮ ሸጊቱ በሩን ሞሉት።

«ጨረሳችሁ? ቤቱ የአባቴ ነው፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሌኒ ቤቱ የወይዘሮ ሸጊቱ መሆኑን አላወቀችም ነበር።

«እማማ፣ ይቅርታ…»

«ይቅርታሽን ተይው። ያ ጥቁር ሣጥን ከመኝታዬ ግድግዳ ይነሣ። ድም ድም ሲል ዓመት ሙሉ ሆዴን ነው የሚመታኝ። እሱ ከተነሣ ኑሪ፤ ካልተነሣ እሳቸው ቢፈርዱም አልፈረዱም።»

የኔታ መቋሚያቸውን ከበሩ ጥግ አስደግፈው የጥቁሩን ሣጥን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ አንድ ጫፍ ያዙ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ መስኮቱ፣ የኔታ።»

«ቀስ በይ፤ ኧረ ጣቴን!»