የትኛዋ ማርያም?

አምና ነሐሴ ላይ ነው፤ ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት። ያን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ቁጭ ማለት አልችልም። ይኼንንም የምጽፈው ቆሜ ነው።

ቡሬ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ረፋዱ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አንዲት ልጅ ምጥ ይዟት ከእናቷ ጋር መጣች። እናቷ «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» አሉኝ። ኧረ አሥራ ስድስትም የሞላት አትመስልም!

የመጨረሻ የወር አበባዋን መቼ እንዳየች ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ለማርያም» አለችኝ። እኔ ያደግሁት ኅዳር ጽዮን ደምቃ በምትከበርበት ደብር አጠገብ ነው። ሳላጣራ ኅዳር 21 ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ወሯ ሞልቷል ማለት ነው። ሆዷ ትንሽ መሆኑን አይቻለሁ፤ «ልጅ ስለሆነች ነው» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«አይዞሽ፣ ቀንሽ ደርሷል፤ እዚሁ ትወልጃለሽ» ብያት ወደ እናቷ ዞርኩ። «እማማ፣ ከኅዳር ጀምሮ ነፍሰ ጡር ሆና እንዴት አንድ ቀን እንኳ ለክትትል አላመጧትም?»

ሴትዮዋ ብድግ አሉ። «ምን አልሽ? በኅዳር ልጄ ከቤቴ ነበረች! የዳርናት በጥር መጨረሻ ነው። ሳትዳር አረገዘች ነው የምትይኝ? ድንግል ትፍረድ!»

ክው አልኩ። ልጅቷን «የትኛዋ ማርያም ናት?» አልኳት።

«የጥሯ፣ አስተርዮ» አለች በለሆሳስ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ሰባት ወር ከሳምንት!

የጽንሱን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ወጋኋት፤ ምጡን የሚያስታግስ ኪኒን ሰጠኋት። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ከአልጋው ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋው ስመላለስ እናቷ ንዴታቸው በረደና «ኧረ ልጄ፣ ምጥ የያዘሽ አንቺ መሰልሽ እኮ» አሉኝ። ልጅቷ እጄን ይዛ «ሲስተር፣ ይሞትብኛል?» አለች። «አብሬሽ ነኝ» ብቻ አልኳት።

አምቡላንሱ ሲመጣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ድረስ አብሬያት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሴት ልጅ ወለደች፤ ከሁለት መዳፌ የማትተርፍ። ሌት ተቀን ደረቷ ላይ አድርጋ አሞቀቻት፤ ተረፈች።

በጥቅምት ለክትባት ይዘዋት መጡ። አያቲቱ ሳቅ ብለው «ያኔ ባልቆጣሽ ኖሮስ?» አሉኝ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ባልደረቦቼ አሁን «የትኛዋ ማርያም» ብለው ስም አውጥተውልኛል፤ እያንዳንዷን እናት ሦስቴ ስለምጠይቅ። ይሳቁብኝ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በፊት «ለማርያም» ብለውኝ፣ ሳልጠይቅ በራሴ ግምት ቀን የጻፍኩላቸው ስንት ነበሩ?