ሳጥኖቹ ፊደል የሆኑ ዕለት

የሆነ ቦታ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ያ የሚያስል የሚመስለው የመጀመሪያው ድምፅ ጆሮዬ በገባ ቁጥር፣ ሐይቅ ከተማ ያለው የልጅነት ቤታችን ከነዝናቡና ከነቤንዚን ሽታው ይመጣብኛል።

አባቴ ያገለገለ ኮምፒውተር ከደሴ ገዝቶ ያመጣው እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነበር። እናቴ ጥልፍ አልብሳው፣ ሳሎን ጥግ እንደ እንግዳ ተከብሮ ይቀመጥ ነበር። የአባቴ አባት፣ አባባ የምንላቸው፣ በጉልምስናቸው ከውጫሌ ባቲ በቅሎ እየጫኑ የነገዱ ሰው ነበሩና፣ ይኼ ዕቃ ምን ተሸክሞ ነው እንዲህ የሚያቃስተው እያሉ ያስቁን ነበር።

በዚያ በጋ፣ ደሴ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ታላቅ እህቴ ፎዚያ፣ አባባ ሲያወጉን የኖሩትን የንግድ ዘመናቸውን ታሪክ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር በአማርኛ ጽፋ፣ በፍላሽ ይዛው መጣች። አባባ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠሩ ሰው ስለነበሩ፣ እኔው ራሴ አነበዋለሁ ብለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፎዚያ ስትከፍተው ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ብቻ ተደረደረ። አባባ ጠጋ ብለው አዩና፣

«የኔን ዕድሜ በዚህ ነው የጻፍሽው?» አሏት።

እኛ ሳቅን፤ የፎዚያ ዓይን ግን እንባ አቀረረ። ኮምፒውተሩ ያረጀ ዊንዶውስ እንደተጫነበትና የኛን ፊደል እንደማያውቅ፣ አዲስ ከተጫነበት ግን እንደሚያነበው አስረዳችን። አባባ ቶሎ ይሁን አሉ። አንደኛው ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ነበር፤ ሁለተኛውም እየደከመ ነበር።

ክረምት ገብቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ፎዚያ አዲሱን ዊንዶውስ በሲዲ ይዛ መጣች። አባቴ ግን፣ አዲሱ ሲጫን የነበረው ሁሉ ይጠፋል ብሎ እምቢ አለ። ያረፈችው አያታችን በመውሊድ ቀን መንዙማ ስትል በሞባይል የተቀዳው ድምፅ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር። ፎዚያ ድምፁን ፍላሹ ላይ ገለበጠችለት፤ እሱም ፍላሹን ይዞ ጎረቤታችን ወደሆኑት ፀጉር አስተካካይ ወደ ጋሽ ታደሰ ሄደና፣ በትክክል መገልበጡን ለማረጋገጥ ፍላሽ በሚያነበው ቴፓቸው ላይ ሰክቶ እስከ መጨረሻው ሰማው። ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰና፣

«በይ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ጀምሪ» አላት።

መብራት እልም ብሎ እየጠፋ የሚመጣበት ሰሞን ስለነበር፣ ጋሽ ታደሰ ጄኔሬተራቸውን አምጥተው በረንዳችን ላይ አስነሱልን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ፎዚያ ጥፍሯን ትበላለች፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ምን ያህል እንደተጫነ የሚያሳየው መስመር ሲሞላ ለቤቱ ሁሉ እየጮህኩ አወራለሁ። ከግማሽ እንዳለፈ መስመሩ ቀጥ አለ። ተበላሸ ብዬ ጮህኩ፤ አባቴ እጁን ወደ ማጥፊያው ሲሰድ ፎዚያ በደረቷ ከለከለችው። ይባስ ብሎ ጄኔሬተሩ ይንተፋተፍ ጀመር፤ ጋሽ ታደሰ በዝናቡ ሮጠው ከሞተር ብስክሌታቸው ነዳጅ ቀድተው አመጡና፣ ሊጠፋ ሲል ደረሱለት። ያኔ መስመሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ እናቴ ምንጣፉ ላይ ሱጁድ ወረደች።

ጭነቱ ሲያልቅ ፎዚያ ፍላሹን ሰካች። ፋይሉ ተከፈተ፤ ሳጥን የለም፣ ፊደል ብቻ። አባባ ደህነኛውን ዓይናቸውን ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት አስጠግተው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ እያሉ ጮክ ብለው አነበቡ። ድንገት ማንበቡን አቆሙና፣

«በቅሎዋ ዳለቻ አልነበረችም፤ ቡላ ናት» አሉ።

ፎዚያ እዚያው ዳለቻ የሚለውን አጥፍታ ቡላ ብላ ጻፈች። ቃሉ ዓይናቸው ሥር ሲለወጥ አባባ እንደ ሕፃን ሳቁ፤ ከዚያማ ማን ያቁማቸው፣ የመንገዱን፣ የጓደኞቻቸውን ስም ሁሉ ያሳርሟት ጀመር።

መስከረም ሲጠባ ቤታችን ሰው አይጠፋበትም ነበር። አባባ የመጣውን ሁሉ አስቀምጠው ታሪካቸውን ያነቡለት ነበር፤ ዓይናቸው ሲደክም ደግሞ እኔ እተካቸው ነበር።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬ ስልኬ እኔ ተኝቼ ራሱን ያድሳል፤ ጠዋት ምኑ እንደተለወጠ እንኳ አላስተውልም። ልጄ አማርኛ በስክሪን ላይ ማየት ሁልጊዜም የነበረ ነገር ይመስላታል፤ እንዲመስላትም ደስ ይለኛል። እኛ ግን አንዲት ፊደል እስክትመጣ፣ ከነጎረቤታችን ትንፋሻችንን ውጠን ጠብቀናል።