ቦቴ ቢያፈስስ?

የተያዝኩት ቡራዩ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ያስገቡን ቤት የሲሚንቶ መጋዘን ነበር፤ ቆርቆሮው ቀን ያግላል፣ ብናኙ ጉሮሮ ይከረክራል። አሥራ አራት ነበርን። የሎጂክ መምህር መሆኔን ሲሰሙ «ታዲያ ሎጂክህ እዚህ ምን ይሠራልሃል?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ቃሌ የተባለውን፣ በተከለከለ ስብሰባ ላይ ተገኝቻለሁ የሚለውን ወረቀት አነበበልኝ። «ስብሰባው ላይ የነበረ ሁሉ የጥሪው መልእክት ስልኩ ውስጥ አለ። ያንተም ስልክ ውስጥ አለ። ስለዚህ ነበርክ» አለኝ። እኔ መልእክቱን ከፍቼ እንኳ አላየሁትም። «ፈርም፣ ነገ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ። ፈረምኩ። ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም።

እፍረቴን ለመሸሽ ይመስለኛል፣ አጠገቤ ለሚተኙት ሽማግሌ ሥራዬን ማስረዳት ጀመርኩ። ሁላችንም በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ «ኦቦ» እንላቸው ነበር። ግድግዳ በጭቃ ሲመርጉ ነው የኖሩት። ብናኙ ላይ በጣቴ እየጻፍኩ ጠየቅኋቸው።

«ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል። ዘነበ እንበል?»

«ይረጥባላ።»

«መንገዱ ደረቅ ቢሆንስ?»

«አልዘነበማ። ይሄም ትምህርት ነው?»

«መንገዱ ረጥቧል፤ ስለዚህ ዘንቧል። ልክ ነው?»

ጢማቸውን አሻሹ። «ውሃ የጫነ ቦቴ ቢያፈስስ?»

ተማሪዎቼ እዚህ ለመድረስ ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

ከሰዓት እሳቸው ተጠሩ። ተመልሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ስብሰባው ላይ የነበረ ሁሉ ጫማው ጭቃ ነው፣ ያንተም ጭቃ ነው፣ ስለዚህ ነበርክ አለኝ። ፈርምና ነገ ግባ አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ቦቴም ያፈሳል አልኩት። አልገባውም። ጭቃ እንጀራዬ ነው አልኩት።» የቀኝ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ቀለም አልነካውም። «አንተስ ባርሲሳ፣ ምን አልከው?» በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው።

ብናኙ ላይ የጻፍኩትን በመዳፌ አጠፋሁ። እሳቸውም አልደገሙትም። በማግስቱ ስሜ ሲጠራ ጫማዬን አንስተው አቀበሉኝ። «ናጋን ጋሊ» አሉኝ፤ በሰላም ግባ። እሳቸው ቀሩ።

ከሁለት ወር በኋላ መፈታታቸውን ሰማሁ። ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። አፍሬ ነው።

አሁንም ያንኑ አስተምራለሁ፤ ቦቴውንም በምሳሌነት አነሳለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ይህን የሚያህል ግልጽ ስህተት የሚሳሳት ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ።

«እያወቀ የሚፈርምበትም አለ» አልኳት።

ለፈተና የሚመጣ መስሏት ደብተሯ ላይ ጻፈችው።