ለሽምግልና ነቀምቴ ስንሄድ የትኛው ሆቴል እንደር?

ሐሙስ፣ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከቤት ወጥተን አውቶቡስ ተራ ደርሰናል። እኛ ማለት እኔና አጎቴ ጋሽ ወልዴ ነን። የምንሄደው ለታናሽ ወንድሜ ሚስት ልንለምን ነው። ልጅቷ ሌንሳ እዚሁ አዲስ አበባ አስተማሪ ናት፤ አባቷ አቶ ፉፋ ግን የሚኖሩት ነቀምቴ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ባለችው በጉቴ ነው። ሦስተኛው ሽማግሌያችን በመጨረሻው ሰዓት «ወገቤን» ብለው ቀርተዋል።

ወንድሜ የአውቶቡሱን መስኮት ይዞ አልለቅ አለ።

«እምቢ ካሉ ሌላ አላገባም» አለኝ።

ልስቅበት ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

ከቀትር በኋላ፣ ሲሬ

አምቦ ሻይ ጠጣን፣ ጌዶ በረደን፣ ባኮ ላይ ሙቀቱ ኮት አስወለቀን። በየኬላው እየወረድን መታወቂያና የቀበሌ የይለፍ ወረቀት አሳይተናል። ሲሬ ላይ ጎማ ተነፈሰ። እስኪቀየር የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥሁ ነቀምቴ የት እንደሚታደር ሹፌሩን ጠየቅሁት።

«ሁለት አለልህ» አለኝ። «አዲሱ ኮረብታው ላይ ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ መታጠቢያ፣ የራሱ ሙቅ ውሃ አለው። ምንጣፉ እግር ይውጣል። አሮጌው መሐል ከተማ ነው። ወለጋን የረገጠ ነጋዴ ሁሉ አድሮበታል።»

ልቤ ሙቅ ውሃው ላይ ቀረ። እኔ ምቾት ሲጠራኝ እምቢ የማልል ሰው ነኝ። ጋሽ ወልዴ ግን በወጣትነታቸው ከጊምቢ ቡና ሲያመላልሱ የአሮጌው ሆቴል ደንበኛ ነበሩ።

«ልጅ ልንለምን ነው ወይስ ልንዝናና የመጣነው?» አሉኝ።

«ታጥበን ብንለምን ምን አለበት፣ ጋሼ?»

«የባለሥልጣን መኪና በተደረደረበት ግቢ አድረን ሽማግሌ ነን ብንል ማን ያምነናል?»

ጉቴን ስናልፍ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ሽማግሌ ከቀኑ በፊት በልጅቷ ሰፈር አይታይም ባይ ናቸው። በዚያ አቧራ ውስጥ ማን ሊያያቸው እንደሚችል እንጃ።

ሐሙስ፣ ምሽት፣ ነቀምቴ

በጋሽ ወልዴ ግትርነት አሮጌው ሆቴል ገባን። የድንጋይ ፎቅ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ የእንጨት ደረጃው ሲረገጥ የሚያቃስት። መታጠቢያው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ በባልዲ። እንዲያም ሆኖ መስኮቱ ላይ ቆሜ ጎዳናውን ሳይ ቤቱ ደስ አለኝ። ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም።

ለራት የወለጋው ሥራ ሥር፣ አንጮቴ፣ ቀረበልን። ያቀረቡልን አደ ብርቄ የሚባሉ ትልቅ ሴት ናቸው። «አካም ጂርቱ?» ብለው ሰላም ካሉን በኋላ «ምን እግር ጣላችሁ?» ሲሉን ጋሽ ወልዴ አፋቸው አላስችል ብሏቸው ለአቶ ፉፋ ልጅ ሽማግሌ መሆናችንን ተናገሩ።

ሴትዮዋ ሳህኑን እንደያዙ ቀሩ።

«ኦቦ ፉፋ? ይሄ ሆቴል እኮ የእሳቸው ነበር! በአዋጁ ጊዜ መንግሥት ወረሰው። ከዚያ ወዲህ በዚህ በኩል አልፈው አያውቁም። ገበያ ሲመጡ እንኳ በታች ዞረው ነው።»

ጋሽ ወልዴ ደነገጡ። ያኔ ቁልፍ ይሰጧቸው የነበሩት ሥራ አስኪያጁ ነበሩ እንጂ ባለቤቱን አይተው አያውቁም። ሌንሳም ለወንድሜ አልነገረችውም፤ ስለተወረሰ ንብረት ማን ደፍሮ ያወራል?

እኔ ፈራሁ። ሰውየው በተቀሙት ቤት ተኝተን፣ በማግስቱ ልጅዎን ይስጡን ልንላቸው ነው።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ወደ አዲሱ እንሂድ። ካልሆነም እዚያ ነው ያደርነው እንበል።»

«ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አይዋሽም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሳቸውም ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ዓርብ፣ ማለዳ፣ ጉቴ

እርጥብ ሣር ይዘን ከአቶ ፉፋ አጥር በር ቆመናል። በአገሩ ወግ ሽማግሌ ግቡ ሳይባል አይገባም፤ ቀን እየቆጠረ የሚመላለስም አለ። ግቡ ከተባለ ግን ነገሩ ተስፋ አለው።

አቶ ፉፋ ካፖርታቸውን ደርበው ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር ወጡ።

«አካም ቡልታን?» አሉን። እንዴት አደራችሁ ነው።

«ነጋ» አሉ ጋሽ ወልዴ። ደህና።

«ኤሳ ቡልታን?»

የት አደራችሁ ማለታቸው ነው። ጋሽ ወልዴ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ከተማው መሐል፣ አሮጌው ሆቴል» አሉ።

ወንድሜን አሰብሁ፤ ምን ብዬ እንደምነግረው ቃል መፈለግ ጀመርሁ።

«የትኛው ክፍል?» አሉ አቶ ፉፋ።

«ፎቅ ላይ፣ በመንገዱ በኩል ያለው።»

«መስኮቱ ይከፈታል?»

«በግድ» አልኩ እኔ፣ ሳላስበው።

«እሱ ድሮም በግድ ነው። አናጢው በእርጥብ እንጨት ሠርቶብኝ ነው።»

ጎረቤታቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ኦቦ ፉፋ፣ እንደ ወጉ ዛሬ ይመለሱና ሌላ ቀን ይምጡ።»

«ይሄ ወግ ለእንግዳ ሰው ነው» አሉ አቶ ፉፋ። «እነዚህ እኔ ቤት ነው ያደሩት።» በሩን ራሳቸው ከፈቱት። «ሴና» አሉን፤ ግቡ ማለታቸው ነው።

አስገብተው አስቀመጡን። ጋሽ ወልዴ ሲያጠኑት የሰነበቱትን ንግግር ሊጀምሩ ሲነሱ አቶ ፉፋ በእጃቸው መለሷቸው።

«ልጄን ፈልጋችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እሷ ከወደደችው እኔ አልከለክልም። አሁን ቁጭ በሉና ስለ ቤቴ ንገሩኝ» አሉ። «ሰው ይመጣበታል?»