ከ«ገ» ቀጥሎ ያለው ፊደል

እንጅባራ ከተማ ባለ አንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል የተቀጠርኩት ካርዶቹ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በተዛወሩበት ሰሞን ነው። ሥራዬ የታካሚውን ስም ጠይቄ መጻፍ፣ ካርዱ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሐኪሙ መላክ ነበር። ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንዲት ሴት እናቷን ደግፋ ገባች። የመጡት ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው። እናትየው ትኩሳት ይዟቸው፣ ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ሁለቱ የሚነጋገሩት በአዊኛ ነው። እኔ ያደግሁት ዳንግላ፣ አማርኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት ስለሆነ አዊኛዬ ከሰላምታ አያልፍም።

«ካርድ አላት» አለችኝ ልጅቷ። «አምና እዚሁ መርፌ ተወግታ ፊቷ አብጦ ነበር። ያ መድኃኒት ሁለተኛ እንዳይሰጣት ካርዷ ላይ ተጽፎላታል። የመድኃኒቱን ስም ግን እኛ አናውቀውም።»

የእናቷን ስም ነገረችኝ። ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ የማላውቀው ድምፅ አለበት፤ «ን» እና «ግ» አንድ ላይ ተውጠው በአፍንጫ የወጡ ይመስላል። እንደሰማሁት «ን» እና «ግ» አስከትዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ የለም አለ። «ግ»ን አጥፍቼ በ«ን» ብቻ ሞከርኩ። የአንዲት የጫግኒ ወጣት ካርድ መጣ።

በአባታቸው ስም ልፈልጋቸው ብዬ ጠየቅኳት። በ«ሀ» የሚጀምር ስም ነገረችኝ።

«በየትኛው ሀ?»

«በሀ ነዋ» አለችኝ ግራ ተጋብታ።

በሀሌታው ጻፍኩ፤ በሐመሩ ጻፍኩ፤ በብዙኃኑም ጻፍኩ። በእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ሰው ይመጣል፣ እሳቸው ግን የሉም። ልጅ ሆነን ፊደል ሲያስቆጥሩን መምህራችን «መልካቸው ይለያያል እንጂ ድምፃቸው አንድ ነው» ይሉን ነበር። አንድ ከሆኑ ይህ ማሽን ለምን ይለያቸዋል? ይባስ ብሎ አራተኛዎቹ ሃ፣ ሓ እና ኃ ትዝ አሉኝ። የቱን ሞክሬ የቱን እንደቀረኝ ጠፋኝ።

ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ከኋላ ሲያስል የነበረ ባለሱቅ «አዲስ ካርድ አውጪላቸውና ይለፉ እንጂ» አለ። ሐኪሙም በበሩ ብቅ ብሎ ያንኑ ደገመው። እኔም እጄን ወደዚያው ልኬ ነበር። ልጅቷ ግን መስኮቱን ይዛ ቆመች።

«አዲሱ ካርድ ላይ ያ መድኃኒት አይኖርም» አለች። «ዛሬ ያንኑ ቢወጓትስ?»

እጄን ከቁልፉ አነሳሁ። እስክሪብቶዬን ሰጠኋትና «እስቲ አንቺ ጻፊልኝ» አልኳት። የእናቷን ስም ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ሁለተኛው ፊደል «ገ»ን ይመስላል፣ ግን «ገ» አይደለም፤ «ጘ» ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ትምህርት ቤት በአዊኛ ስንማር ድምፁን የምንጽፍበት ፊደል ነው።»

ኮምፒውተሩ ላይ ከየትኛው ቁልፍ እንደሚወጣ አላውቅም። የቀረኝ አማራጭ ሁሉንም ስሞች በፊደል ተራ ከፍቶ አንድ በአንድ መውረድ ነበር። በመጀመሪያው ፊደላቸው ወደሚጀምሩት ሄድኩ። ሁለተኛ ፊደላቸው «ን» የሆኑትን አለፍኩ፤ የሉም። «ገ» የሆኑትንም ጨረስኩ፤ የሉም። ከ«ገ» ቀጥሎ «ጠ» ይመጣል ብዬ ልተወው ስል፣ በሁለቱ መሀል አንድ ስም ብቻዋን ተቀምጣለች። ያ ፊደል ነው። የአባታቸውም ስም በ«ሓ» ተጽፏል። ካርዱን ስከፍተው የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ከላይ አለ። ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ያዛወረው አዊኛ የሚችል ሠራተኛ ኖሯል።

ሐኪሙ አንብቦ ሊያዝ ያሰበውን ለወጠ። እናትየው እዚያው ተኝተው ውለው፣ ትኩሳቱ ሲለቃቸው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ሄዱ። እኔ ግን ደስታና ፍርሃት ተደባልቆብኝ ቀረሁ። እንዲህ ተሸሽገው ያሉ ስንት ናቸው?

ፕሮግራሙን ለሠራው ልጅ ደወልኩለት። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሀዎቹን ሁሉ አንድ አድርግልኝ» አልኩት።

«ሠ እና ሰ?»

«እነሱንም።»

«ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐስ?»

«ሁሉንም።»

«ይቺ ጘስ? ከማን ጋር ትሁን? ከን ነው ከገ?»

ተያየን። እሱም እንደ እኔ አዊኛ አይችልም። «ከሁለቱም ጋር» አልኩት።

አደረገው። ከዚያ ወዲያ ካርዱ የሚጠፋበት ሰው አልነበረም፤ ግን አንድ ስም ስጽፍ መንጋ ሰው ይመጣ ጀመር። በሳምንቱ አንዲት አሮጊት ጉልበታቸውን ታመው መጡ። ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፌ መጀመሪያ የመጣውን ካርድ ላክሁ። ጥቂት ቆይቶ ከሐኪሙ ክፍል ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ አሮጊቷ እያነከሱ ወደ መስኮቴ መጡ።

«ሐኪሙ እርግዝናው ስንት ወር ሆነው ይለኛል» አሉ ኮስተር ብለው። «የላክሽው የማንን ነው?»

ደንግጬ አየሁት። ስምም የአባት ስምም በድምፅ አንድ የሆነ፣ የአንዲት ነፍሰ ጡር ወጣት ካርድ ነው። የሷ በአልፋው «አ» ተጽፏል።

«ይቅርታ እማማ፣ የእርስዎ በየትኛው አ ነው የሚጻፈው?»

«እኔ መች አንብቤ አውቃለሁ? ቄሱ ግን በዓይኑ ነው ብለውኛል። በሌላ አይጻፍብኝ።»

ይህን ሲሉ ቀልድ አልነበረባቸውም። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ፊደሉም ይለያቸው ነበር፤ አንድ ይሁኑ ያልኩት እኔ ነኝ። ለግምጃ ቤቷ እናት መዳኛ ይሆን የነበረው ነገር ለእኚህ ሴት ስማቸውን መቀማት ሆነባቸው። ማን ትክክል እንደሆነ ያን ቀንም ዛሬም አልገባኝም።

ከፕሮግራሙ ሠሪ ጋር ብዙ ተከራክረን የደረስንበት ይህ ነው፤ ፍለጋው በድምፅ ይሆናል፣ ስሙ ግን ባለቤቱ እንዳስጻፈው ይታያል፣ ካርድ ከመላኬ በፊትም የአያት ስምና ቀበሌ እጠይቃለሁ። በተራ ሲደረደሩ «ጘ» የራሷ ቦታ አላት፤ ስትፈለግ ግን ከ«ን»ም ከ«ገ»ም ጋር ትመጣለች።  ዛሬም ሰልፉ ይቆማል፣ እኔም አዲስ ካርድ ሳወጣ ገና መጀመሪያ ፊደል ላይ «በየትኛው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛው ሰው ትከሻውን ይነቀንቅና ያልፋል።