ሳላስቀምጥ የዘጋሁት ኮምፒዩተር

እኛ ቢሮ ኮምፒዩተር የገባው ለውሃ ጥናት ተብሎ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር መጻፊያ ሆነ፤ ጸሐፊዋም እኔ ሆንኩ። ያስተማረን ባለሙያ ስለ አዘጋጉ ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ «ሲንክ» ብለን ሦስት ጊዜ እንጽፋለን፤ የሠራነው ሁሉ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል። «ሃልት» የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሃልት ምንም አይጠይቅም፤ ማሽኑን ባለበት ቀጥ ያደርገዋል። «እግዚኦታ ነው እንዴ ሦስት ጊዜ?» እያልን እንስቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሸማኔ ከጨንቻ መጡ። ልጃቸው ሳምባውን ታሟል፤ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ኃላፊያችን የፈረሙበትን ወረቀት ይዘዋል። በሌላው እጃቸው እርጥብ ሣር ነበር። የጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ አይባልም፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። «ይነሱ አባባ» ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው፤ ስሙን ስሰርዘውም ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ወዲያው ኃላፊው ብቅ አሉ። «ጓዲት፣ ውይይት ክበቡ ተጀምሯል። ዝጊው።»

ከውይይት መቅረት ያኔ ጣጣ ነበረው። ቦርሳዬን አንግቼ፣ እንደቆምኩ ሃልት ብዬ ወጣሁ። ሲንክ አላልኩም።

በነጋታው ዝርዝሩን ሳትም የልጁ ስም እንዳልተሰረዘ ሆኖ ታትሞ ወጣ። አየሁት። የተፈረመው ወረቀት ፋይል ውስጥ ነው፤ ልጆቹን ለውትድርና የሚወስዱት ሰዎች የሚያዩት የታተመውን ብቻ ነው። መኪኖቹ ገና አልመጡም ነበር፤ «ተሳስቻለሁ» ብል ይበቃ ነበር። ግን በዚያ ዘመን የማሽን ስህተት ብሎ ነገር የለም፣ ያለው አሻጥር ነው፤ አሻጥረኛ ተብሎ የሚወሰድ ሰው የት እንደሚገባም አውቃለሁ። ዝርዝሩን አስረከብኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም።

ልጁ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ አንድ ነገር በዘጋሁ ቁጥር ያ ስም ይመጣብኛል፤ የቤቴን በር እንኳ ቆልፌ፣ ከመንገድ ተመልሼ እከፍተዋለሁ።

ከዓመት በኋላ አባትየውን ሲቀላ ገበያ አየኋቸው። ልሸሽ ስል ጠርተው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ በእኔ ነገር እንዳታዝኚ» አሉኝ። «አንቺ ሰርዘሽው ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። እናቱ ስታለቅስም ይህንኑ ነው የምነግራት።»

«አዎ አባባ» አልኳቸው፤ «ሰርዤው ነበር።»