መብራቴ ኢንሱሊኑን ያቆመ ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የጤና ጣቢያችን የላብራቶሪ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ አሳዩኝና፣ «ይቺ ሐምራዊ ከሆነች ሰውየው ስብ እያቃጠለ ነው። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቂ አትለፊው» አሉኝ። ስብ ሲቃጠል ሽንት ውስጥ የሚወጣውን ኬቶን ማለታቸው ነበር።

በጾም ወራት ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ማየት የተለመደ ነው፤ ማንም አይደነግጥም። ኋላ «ኬቶ» የሚሉት አመጋገብ ሰፈራችን ገባና ሰዉ ደህና ሆኖ ሳለ ለመመርመር ይሰለፍ ጀመር። እንጀራና ዳቦ የተወ ሰው፣ ጉበቱ ያስቀመጠው ስኳር ሲያልቅ ስቡ ወደ ኬቶን ይቀየራል። ጤነኛ ከሆነ የራሱ ኢንሱሊን ኬቶኑ ከልክ እንዳያልፍ ይይዝለታል። ከእነሱ ጋ ጠብ የለኝም።

መብራቴ ግን የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከሸጎሌ ይጭናል። ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ያለ ኢንሱሊን መርፌ አይኖርም። አንድ ጠዋት ሚስቱ ዘነበች ደግፋ አመጣችው። ያስመልሰዋል፤ ሮጦ የመጣ ይመስል በረጅሙ ይተነፍሳል፤ አፉ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ስትሪፑ ወዲያው ጠቆረ። የደም ስኳሩን መሣሪያው ቁጥር ሊሰጠው አልቻለም፤ ከመጠኑ በላይ ነበር።

«ምን በላ?» አልኳት።

«ኧረ እህቴ፣ ስኳር የሚባል አልቀመሰም! ሥጋና እንቁላል ብቻ ነው።»

«መርፌውስ?»

«የጂም አሠልጣኙ ‹ስኳር ካልበላህ መርፌው ምን ያደርግልሃል?› አለው። ተወው በቃ።»

ደሜ ፈላ። ጉበት እኮ ባይበሉም ራሱ ስኳር ይሠራል! ኢንሱሊን ከሌለ ያ ስኳር ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ኬቶኑም የሚይዘው አጥቶ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ውጤቱን ይዤ ወደ ዶክተር ሄኖክ ሮጥኩ። ግሉኮስ አስተከለለት ብሎ የሚያወራ አለ፤ ውሸት ነው፤ የሰቀለለት የጨው ፈሳሽ ነው። ኢንሱሊንም አስጀመረና በአምቡላንስ ሆስፒታል ላከው።

መብራቴ ገና አልጋ ላይ እያለ ያ አሠልጣኝ አዳዲስ ደንበኞቹን ለኬቶን ምርመራ ይዞ መጣ። ቁስቋም መውረጃ ላይ ጂም አለው። የሆነውን ነገርኩት።

«አይዞሽ፣ ሰውነቱ እየጸዳ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል» አለኝ እየሳቀ።

«እየሞተ ነበር አንተ! የምን መጽዳት ነው?» ጩኸቴ ካርድ ክፍል ድረስ ተሰማ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ አስጠራኝ። «ተገልጋይ ላይ አይጮህም። የአንቺ ሥራ ውጤት መስጠት ነው።»

«ሰጠሁት እኮ! አልሰማ አለ።»

ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። አሠልጣኙን የጠየቀው ግን የለም። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መብራቴ ዳነ። ከሆስፒታል እንደወጣ ከዘነበች ጋር ጂሙ ሄዶ፣ ሠልጣኞቹ ፊት ሸሚዙን ገልቦ መርፌ የሚወጋበትን ሆዱን አሳያቸው። «ይቺን አቁም ብሎኝ ነው ልሞት የነበረው» አላቸው። አሠልጣኙ ኢንተርኔት ላይ ለቆት የነበረውን የኬቶ ቪዲዮ አጠፋ፤ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም።

መብራቴ አሁንም እንጀራ ቀንሶ ይበላል፤ የኢንሱሊኑን መጠን የሚያስተካክልለት ሐኪሙ ነው።

ለአዳዲስ ባልደረቦቼ የምለው ይህንን ነው፦ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አመጋገቡን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መጠኑ ሊቀነስ ይችላል። በራስ ፈቃድ ግን አይቆምም።